«በሞቴ» ያልተባለበት ሱቅ

ወልቂጤ ውስጥ የመስታወት በር ያስገጠመ ሱቅ ሁሉ ሱፐርማርኬት ይባላል። ጥቂት መደርደሪያና አንድ ፍሪጅ ካለው ደግሞ የሚከራከረው የለም። የኛ ግን የእውነት ሱፐርማርኬት ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የሚኮራበት ነገር አልቋል። የአባቴና የታናሽ ወንድሙ ሱቅ ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ አንድ፣ ቡታጅራ አንድ፣ ጉንችሬ ደግሞ አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ነበረው። ታፔላቸው አንድ ዓይነት፣ ፌስታላቸው አንድ ዓይነት፣ የዘይቱም የሳሙናውም ዋጋ አንድ ዓይነት። ታፔላው ላይ የተጻፈውን ስም ግን ሰው ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። «ወንድማማቾቹ ጋ» ነበር የሚባለው። የባጃጅ ሾፌሩም «ወንድማማቾቹ ጋ ነው የምትወርጂው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ታፔላ አያነብም።

አሁን ሦስቱም የሌላ ሰው ናቸው። እንዴት ከእጃችን እንደወጡ ሰው ሲጠይቀኝ ቶሎ አፌ ላይ የሚመጣልኝ መልስ የለም፤ ምክንያቱም ማንም አልሰረቀንም። ማንም አልካደንም። ወንድማማቾቹ አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አልተጣሉም። ተጣልተው ቢሆን ምን ነበረበት እላለሁ፤ ቢያንስ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር። ያሳጣን ጨዋነታቸው ነው፤ ጨዋነትን ደግሞ ማን ይከሳል?

አባቴ በሕይወቱ ለራሱ አጥብቆ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ሱቁ የሁለቱ እንደሆነ እንዲኖር፣ እነሱ ሲያልፉም የልጆቻቸው ሆኖ እንዲቀር። ቤቱን ሳያሳምር፣ መኪና ሳይገዛ የኖረ ሰው ነው። ይህን ምኞቱን ለኔ ነግሮኛል፣ ለእናቴ ነግሯታል፣ ጠዋት ጠዋት ሲጸልይ ለጌታም ሲነግረው ከጓዳ ሆነን እንሰማለን። ለወንድሙ ብቻ አልነገረውም። አንድ ቀን «ለምን ለራሱ አትነግረውም?» ብዬ ብጠይቀው ሴት ልጁ እንደ ሰደበችው ሁሉ አየኝ። «ምን ብዬ? የገዛ ወንድሜን 'ካንተ ላይ ድርሻ አለኝ' ልበለው? ነውር ነው» አለኝ።

ሁለቱም ከእነሞር ገጠር ነው የመጡት፤ አባቴ ቀድሞ፣ አጎቴ ኋላ፣ አባቴ አስመጥቶት። ወልቂጤ ላይ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች ሱቅ ነበረቻቸው፤ ሻጩ ከውስጥ ገዢው ከውጭ፣ መካከል ላይ ባንኮኒ። እኔ እዚያ ባንኮኒ ሥር ነው ያደግኩት፤ የወልቂጤን ሰው በጫማው ነበር የማውቀው። አጎቴ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ሲመላለስ ሰው ቅርጫት ይዞ ራሱ እያነሳ የሚገዛበት ሱቅ አየና ዕረፍት አጣ። አንድ ቀን ከአውቶቡስ እንደወረደ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ መጣ።

«ጋሼ፣ ባንኮኒውን እናፍርሰው» አለ። አጎቴ አባቴን አንቱ ነው የሚለው፤ ዕድሜያቸው ያን ያህል ተራርቆ አይደለም፣ ግን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው ይላል።

«ባንኮኒው ከፈረሰ ሰው ዕቃውን ከማን ይቀበላል?»

«ከማንም። ራሱ ይወስዳል።»

አባቴ ነገሩ ገብቶት ሳይሆን ወንድሙ ስለፈለገው እሺ አለ። ባንኮኒው ፈረሰ። ግድግዳው ተገፋ፣ መደርደሪያ ገባ፣ የመስታወት በር ተገጠመ። እኔም ትምህርቴን እንደጨረስኩ ካሸር ሆኜ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ቡታጅራ ሲከፈት ለማለማመድ እኔን ላኩኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መቼም አልረሳቸውም። ከመስቃን ገጠር ለገበያ የመጡ እናቶች በሩን ገፍተው ይገቡና፣ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ሰብስበው ቁጭ በሉ እስኪባል እንደሚጠብቅ እንግዳ መካከል ላይ ይቆማሉ። ሳሙናው ዓይናቸው ሥር ነው። አያነሱትም። አጎቴ ይመጣና «እናቴ፣ ራስዎ ያንሱ እንጂ» ይላቸዋል። አንዷ ምን አለችው፤ «ምነው ልጄ፣ ሌባ አደረግከኝ?» ሳቅንም፣ ደነገጥንም። በሰው ቤት የተቀመጠን ዕቃ ባለቤቱ ሳይሰጥ እጅን ዘርግቶ ማንሳት፣ ያውም ሰው እያየ፣ ለእነዚያ ሴቶች የሚሞከር ነገር አልነበረም።

አባቴ ለምርቃቱ መጥቶ ይህንን ሲያይ ኮቱን አወለቀ። ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየሄደ፣ ሴቶቹ ዓይናቸውን የጣሉበትን እያነሳ በሁለት እጁ ያቀብላቸው ጀመር። እነሱም ተቀብለው መርቀው ወደ እኔ ይመጣሉ። ሱቁ ሞቀ። አጎቴ ጥግ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ካደረግን ባንኮኒውን ለምን አፈረስነው? ይተዋቸው፣ የፈለገ ሰው ይወስዳል።»

«ያልሰጠኸው ሰው እንዴት ይወስዳል?» አለ አባቴ። የእውነት ነበር የጠየቀው፣ መልስ ፈልጎ።

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ቡታጅራ ቀስ በቀስ ለመደች፤ ዛሬ የእነዚያ ሴቶች ልጆች ቅርጫቱን አንጠልጥለው የብስኩቱን ጀርባ ሳያነቡ አያነሱም። አባቴ ግን አልለመደም። ወልቂጤ ላይ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ደንበኛ ሲገባ ተነስቶ ያቀብል ነበር። ወጣቶቹ «ፋዘር፣ ይቅርብዎ እኛ እናነሳለን» ይሉታል። እሱ አቀብሏቸው ነው የሚመለሰው።

ስለ እኛ ቤት ሌላ የምናገረው ነገር አለ፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። እኛ ቤት የመጀመሪያው «አልፈልግም» ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ሰው «በሞቴ» ከተባለ በኋላ የሚሰጠው መልስ ነው መልስ የሚባለው። ለመስቀል ገጠር ስንገባ ክትፎው ተጨልፎ አባቴ ፊት ሲቀርብ «ለሱ ስጡት» ይላል፣ ወደ ወንድሙ እያሳየ። አጎቴ «ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ» ይላል። «በቃኝ እኮ።» «በሞቴ አልኩ እኮ።» ያን ጊዜ አባቴ ፈገግ ብሎ ቆጮውን ይቆርሳል። ርቦት ነው የኖረው። ሰው «አልፈልግም» ስላለ ሳህኑን አንስቶበት የሄደ የለም፤ ቢኖር እንደ እብድ ይታያል። ሁላችንም ይህን ጨዋታ ከጡት ጋር ጠብተነዋል፤ ሲገባም ሲወጣም፣ ለወንበርም ለዳቦም፣ በመኪና የፊት ወንበር ላይ ለመቀመጥም። ጨዋታ መሆኑን እንኳ አናውቅም ነበር።

ሱቁ ሲያድግ ወረቀት መጣ። እስከዚያ የወልቂጤው ንግድ ፈቃድ በአባቴ፣ የቡታጅራው በአጎቴ ስም ነበር፤ የጉንችሬው በየትኛቸው ስም እንደሆነ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም ግድ አልነበረውም። ከአንዱ የጎደለ ከሌላው ይሞላል፤ ስኳር ወልቂጤ ካለቀ ከቡታጅራ ይጫናል። ባንኩና ትልልቆቹ አከፋፋዮች ግን «እናንተ ምንድን ናችሁ? አንድ ናችሁ ወይስ ሦስት?» ማለት ጀመሩ። አንድ ድርጅት ሁኑ ተባለ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር። አጎቴ ይህን ስም ሲጠራ ምላሱ ይጠላለፍ ነበር፤ «ኃላፊነቱ... ያው ማህበሩ» ብሎ ይተወዋል።

ውልና ማስረጃ የሄድነው ሦስታችን ነን፤ አባቴ፣ አጎቴና እኔ። እኔ የአባቴን መነጽርና መታወቂያ ይዤ ነው። ክፍሉ በሰው ተሞልቷል፤ መኪና የሚሸጥ፣ ውክልና የሚሰጥ፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። ተራችን ሲደርስ ጸሐፊዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «የእርስዎ ድርሻ ስንት ይባል?» አለችው አባቴን።

አባቴ ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ክትፎው ሲቀርብ የሚያሳያት ናት።

«እኔ ምን ድርሻ አለኝ? የሱ ነው። ለሱ ይጻፍለት» አለ።

ወደ አጎቴ ዞርኩ። አሁን «ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ» ይላል፤ ከዚያ አባቴ «አይ አንተ ልጅ» ይላል፤ ከዚያ እኩል ይጻፋል፤ ከዚያ ወጥተን ሻይ እንጠጣለን። እንዲህ ነበር በልቤ። አጎቴ ግን የጫማውን ጫፍ እያየ ነው። ጆሮው ቀልቷል። ከኋላችን የቆመ ሰውዬ «ኧረ ቶሎ በሉ» ይላል።

«እሺ፣ ሁለተኛው አባል ማን ይሁን? ማህበር ለመሆን ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል» አለች ጸሐፊዋ።

እስቲ ይታያችሁ፤ ሕጉ ራሱ «በሞቴ» አለ። መንግሥት እንኳ ለአባቴ ወንበር ስቦ «ተቀመጡ» አለው። በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ክርኑን ሰበሰበ።

«ሚስቱ አለች አይደል» አለ አባቴ፣ ድምፁ ትንሽ ሰለል ብሎ፣ አሁንም ወንድሙን እያየ። «እሷ ትሁን።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ምን ታድርግ፤ የተባለችውን ነው የጻፈችው። እሷ የወልቂጤ ልጅ ናት፣ ቤቷ ስትሄድ እሷም «በቃኝ» ብላ «በሞቴ» እስክትባል ትጠብቃለች። ግን ኮምፒውተሩ ላይ «በሞቴ» የሚባል መሙያ ቦታ የለም። የአጎቴ ሚስት ለመፈረም ከሰዓት በኋላ ስትጠራ «እኔ ደግሞ ምን አገባኝ?» አለች፤ እሷን ግን አጎቴ «በሞቴ ፈርሚ» አላትና ፈረመች።

ማታ እናቴ ስትሰማ ማማሰያዋን ድስቱ ውስጥ ትታ መጣች። «እኮ ድርሻ የለኝም አልክ? ራስህ? በአፍህ?»

«እሱ መቼ ይቀበላል? ነገ መጥቶ ያስተካክለዋል» አለ አባቴ።

እናቴ በዚህ ቤት ውስጥ ይሉኝታ ያልያዛት ብቸኛ ሰው ናት። «ወረቀት እኮ እንደ ክትፎ አይደለም፣ አይመለስም» ብላ ወደ ድስቷ ሄደች።

አጎቴ በማግስቱ አልመጣም። ቡታጅራ አከፋፋይ ይጠብቀው ነበር። በሳምንቱ መጣ፤ ስለ ዱቄት አወሩ። አባቴ ስለ ወረቀቱ እስኪያነሳለት ጠበቀ፤ አጎቴ አላነሳም። አጎቴ ደግሞ፣ ይህን ያወቅኩት ብዙ ቆይቶ ነው፣ እሱም አባቴ እስኪያነሳ ይጠብቅ ነበር። ለካ ቢሮው ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ባለበት የታላቅ ወንድሙን ቃል መመለስ ከብዶት ነው ዝም ያለው። አባቴ ደግሞ በዚያ ሰሞን «ደክሞኛል፣ ለናንተ ልተው» ማለት ያበዛ ነበር፤ እሱንም ቢሆን የሚለው «ኧረ ገና ነህ» እንዲባል ነው። አጎቴ እውነቱን መሰለው። ወንድሜ አርፎ መቀመጥ ፈለገ፣ ሸክሙን ለኔ ሰጠኝ፣ እኔ ደግሞ ሸክም ሲሰጠኝ አልመልስም አለ በሆዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው እኔን ያቃጠለኝ። ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የለም። አጎቴ በመጣ ቁጥር እንደ ድሮው ለአባቴ ወንበር ይስባል። አባቴ ግን ቀስ በቀስ ተለወጠ። «ሱቃችን» ይል የነበረው ሰው «ሱቁ» ማለት ጀመረ። መደርደሪያ ከግራ ወደ ቀኝ እንድናዞር ስጠይቀው «አጎትሽን ጠይቂው፣ የሱ ነው» ይለኛል። አዲስ ሠራተኛ እንቅጠር ስለው «አጎትሽን ጠይቂው።» አንድ ዳቦ ለልጅ ልጁ ሲወስድ እንኳ ካሸሩ ጋ መጥቶ፣ እኔ ጋ ማለት ነው፣ ደረሰኝ ቁረጪ ይለኛል። «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» እለዋለሁ። «የሰው ንብረት ነው» ይላል። በቁም ነገር ይሁን ለወንድሙ እንድነግርለት ይሁን አላውቅም። ልቤ ግን ይቆስል ነበር።

አጎቴ ደግሞ ይህን ሁሉ ስደውልለት ይበሳጫል። «ጋሼ ምን ነካቸው? እኔ መደርደሪያ ላዛውር ከቡታጅራ ልምጣ? እሳቸው እያሉ?» ይለኛል። ለኔ ነው የሚለው። አባቴም የሚናገረው ለኔ ነው። እኔ በሁለቱ መካከል እንደ ድሮው ባንኮኒ ሆኜ ቀረሁ፤ ያንዱን ለሌላው ሳደርስ ደግሞ ሁለቱም «ኧረ ዝም ብዬ ነው፣ እንዳትነግሪው» ይሉኛል።

ጊዜው ከበደ። ዘይት የሚጠፋበት ወር መጣ፣ ስኳር የሚጠፋበት መጣ፣ ዋጋው ጠዋትና ማታ የሚለያይበት መጣ። ከእኛ ፊት ለፊት ከኛ የሚሰፋ ሌላ ሱቅ ተከፈተ። ድሮ ቢሆን ሁለቱ ወንድማማቾች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ቁጭ ብለው ይማከሩ ነበር፤ ምን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚቀር፣ የትኛው ቅርንጫፍ የትኛውን እንደሚደግፍ። አሁን አጎቴ «ጋሼን አላስቸግራቸው፣ አርፈዋል» ይላል። አባቴ «ካልጠየቀኝ ምን አገባኝ» ይላል። አጎቴ ጸጉሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሸበተ። ሚስቱ ለብቻዋ ስታገኘኝ ሌሊት ተነስቶ ሳሎን ውስጥ እንደሚንጎራደድ ነገረችኝ፤ እሷም ለሰው አትንገሪ አለችኝ።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ሰዎች መጡ። በየክልሉ ከተማ ያለ ሱቅ እየገዙ የሚያስፋፉ ናቸው፤ ሦስቱንም ቅርንጫፍ ከነዕቃው ከነሠራተኛው መውሰድ ፈለጉ። አጎቴ ለማንም መልስ ሳይሰጥ ከቡታጅራ ተነስቶ እኛ ቤት መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አባቴ ሶፋው ላይ፣ እናቴ አጠገቡ፣ እኔ በሩ ጋ። አጎቴ ኮቱን ሳያወልቅ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሰዎች መጥተውብኛል። ሱቆቹን ሊገዙ ይፈልጋሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው አንድ ነገር ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለነው ሁላችን እናውቀዋለን፣ ከጠያቂው በቀር። አፉን ከፍቶ «አይሸጥም» ቢል በቂ ነው። እናቴ ጉልበቱን ስትጫነው አይቻለሁ። እኔ «አባዬ፣ ንገረው እንጂ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አባቴ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝ።

«አንተ ያልከው ይሁን። ባለቤቱ አንተ ነህ» አለው።

አጎቴ ቀና ብሎ አየው፣ አየው። ከዚያ «እሺ ጋሼ» አለና ተነሳ።

«ሳትቀምስማ አትሄድም» አለች እናቴ።

«ጠግቤያለሁ እትዬ።»

«ትንሽ ዳቦ።»

«ኧረ በልቼ ነው የወጣሁት።»

«በሞቴ።»

ተቀመጠ። ዳቦውን በሻይ እያራሰ በላ። ሁለቱ ወንድማማቾች ስለ ጉንችሬ መንገድ አወሩ፤ ዝናብ ገባ፣ ጭቃ ሆነ ምናምን። ለአንዲት ቁራሽ ዳቦ ሦስት ጊዜ ተለምኖ የተቀመጠ ሰው ሦስት ሱቅ በአንድ ቃል ይዞ ሊሄድ ነው። ተነስቼ ልጮህ አስቤ ነበር፤ አባቴ በዓይኑ እየተከተለኝ ነበርና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ አጎቴ ሄዷል።

ሽያጩ አለቀ። አጎቴ ካገኘው ላይ ለአባቴ ያቀረበለትን አባቴ ምን ብሎ እንደመለሰው መናገር አያስፈልገኝም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። አዲሶቹ ባለቤቶች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሠራተኛ አላባረሩም፤ እኔንም ቆዪ አሉኝ። አልቆየሁም። አሁን እዚያው ወልቂጤ ውስጥ የጽሕፈት ዕቃ እሸጣለሁ፤ ባንኮኒ አለኝ።

ታፔላው የተቀየረ ቀን አጎቴ ከቡታጅራ በሚኒባስ መጣ። ማንም አልጠራውም። አባቴም ማለዳ ተነስቶ ኮቱን ለብሶ ወጥቷል። ተከተልኩት። ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ በረንዳ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አውጥተውላቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። መሰላል ላይ የወጡት ልጆች የድሮውን ታፔላ ብሎን እየፈቱ ነው። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው ሰላም ይላቸዋል፤ አንዳንዱ ቆም ብሎ ከንፈሩን መጦ ይሄዳል። ባጃጅ ቆሞ አንዲት ሴትዮ ወረደች፣ «ወንድማማቾቹ ጋ አልኩህ እኮ» ትላለች ለሾፌሩ፣ «እዚሁ ነው» ይላታል።

ታፔላው አንድ ጎኑ ሲላቀቅ አባቴ ተናገረ። ቀና ብሎ ታፔላውን እያየ ነው።

«አልወደድኩትም» አለ።

አጎቴ የሰማ አልመሰለውም። «ምን አሉ ጋሼ?»

«አልወደድኩትም አልኩህ። መሸጡን አልወደድኩትም። ያን ወረቀትም አልወደድኩትም። የሁለታችን እንዲሆን ነበር የምፈልገው።»

አባቴ ለወንድሙ እንዲህ ያለ ቃል ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አጎቴም ሰምቶ አያውቅም። ፊቱ ተለዋወጠ፤ መጀመሪያ የደስታ ነገር ያየሁበት መሰለኝ፣ ከዚያ እንባው መጣ። ሽማግሌ ሰው መንገድ ላይ እንዲህ ሲያለቅስ አይታችሁ አታውቁም።

«እኔ እኮ ያን ቅዳሜ የመጣሁት እምቢ እንዲሉኝ ነው» አለ። «ብቻዬን ከበደኝ። አይሸጥም ቢሉኝ ሮጬ ሄጄ ለሰዎቹ ጋሼ እምቢ ብለዋል ልላቸው ነበር። መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰብኩ ነው የመጣሁት። ለምን አልነገሩኝም?»

ልጆቹ ታፔላውን በገመድ እያወረዱ ነው፤ «ከሥር ዞር በሉ» ብሎ አንዱ ይጮሃል።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ ጋሼ» አለ አጎቴ።

አባቴ ዞሮ አየው። ቁጣ የለበትም፣ የደከመ ሰው ድምፅ ነው።

«አንድ ጊዜ ነው የጠየቅከኝ» አለ።